የራሷን ቀለም የማታየው የባሕር ቀንድ አውጣ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር፤ ለአንባብያን እንዲመች ሆኖ የተዘጋጀ)



ምስጋና ሁሉ የብስንና ባሕርን ለፈጠረው ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርዕሳችን ከአንዲት ትንሽ ልጅ ጥያቄ የመጣ ነው። ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ አባት ልጃቸውን አስከትለው ወደ እኛ መጡ። ልጅቱ ጂዳ የምትሠራው አክስቷ በላከችላት የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ በቀለም ያሸበረቀች አንዲት የባሕር ቀንድ አውጣ አይታለች። አባት ከሥዕሉ ሥር ያለውን ሲያነቡላት «ይህች ፍጡር የራሷን ቀለም ማየት አትችልም» ከሚለው ላይ ደረሱ። ልጅቱም ወዲያው፣ «እሷ ካላየችው ታዲያ ለማን ብላ ነው እንዲህ የምታጌጠው?» ብላ ጠየቀች። አባት መልስ አጡ። እኛም በዚያች ሰዓት መልሱ አልነበረንም። «አናውቅም፤ አንብበን እንነግርሻለን» አልናት። የማያውቁትን አላውቅም ማለት ራሱ ከዕውቀት ይቆጠራልና አላፈርንም። ነገር ግን ቃል ገብተናል፤ የዛሬው ንግግራችን ያንን ቃል መፈጸሚያ ነው።

ምን ዓይነት ፍጡር ናት?

ውድ አድማጮች፣ ሬዲዮ ሥዕል አያሳይም፤ ስለዚህ እናንተው በዓይነ ኅሊናችሁ እንድትስሉ እንለምናችኋለን። በክረምት ዝናብ ሲያባራ በጎመን ቅጠል ላይ እየተንፏቀቀች የምናያትን ቀንድ አውጣ አስቡ። አሁን ከጀርባዋ ላይ ቤቷን፣ ማለትም ዛጎሏን አንሡላት። ለስላሳው ገላዋ ብቻ ቀረ። ከዚያ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ እያላችሁ የፈለጋችሁትን ቀለም ቀቧት። ከአናቷ ላይ ሁለት ቀንዶች፣ ከጀርባዋ ጫፍ ደግሞ የአበባ እቅፍ የመሰለ ነገር ጨምሩላት። እሷን አገኛችኋት ማለት ነው።

ያ አበባ የመሰለው ነገር ጌጥ አይደለም፤ የምትተነፍስበት ስንጥብ ነው። ዓሣ ስንጥቡን በክዳን ሸፍኖ ሲይዝ እሷ ግን ውጭ አውጥታ ትይዘዋለች። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት «ኑዲብራንክ» ብለው የጠሯትም ለዚህ ነው፤ «ስንጥበ ራቁት» ለማለት ነው። እስካሁን ከ3,000 በላይ ዝርያዎቿ ተለይተው ታውቀዋል። ገሚሶቹ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ ሲሆኑ ትልልቆቹ ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ ይደርሳሉ። በቀዝቃዛ ባሕርም ይገኛሉ፤ በቀለም የተንቆጠቆጡትን በብዛት የምናገኛቸው ግን በሞቃት ባሕሮች ባሉ የኮራል ድንጋዮች አካባቢ ነው።

ሁለቱ ቀንዶቿ አፍንጫዎቿ ናቸው። በውሃው ውስጥ የሚመጣውን ሽታ በእነርሱ እየለየች ምግቧንም ጓደኛዋንም ትፈልጋለች። ዓይን አላት፤ ነገር ግን ከቆዳዋ ሥር የተቀበረ ጥቁር ነጥብ ያህል ነው። ብርሃንና ጨለማን ከመለየት አያልፍም። እንግዲህ መጽሐፉ እውነቱን ነው። የራሷንም የጓደኛዋንም ቀለም አታይም። የልጅቱ ጥያቄ ቀላል እንዳልሆነ ያየነው እዚህ ላይ ነው።

ጎረቤታችን ቀይ ባሕር

እነዚህ ፍጡራን ሩቅ አገር ያሉ እንዳይመስላችሁ። ቀይ ባሕር ከዓለም ዝነኛ የኮራል ባሕሮች አንዱ ነው። ለሐጅ ወይም ለሥራ ወደ ጂዳ የሄዳችሁ የአሮጌውን ከተማ ቤቶች አይታችኋል። ግድግዳቸው የተሠራው ከባሕር ከወጣ የኮራል ድንጋይ ነው። የምጽዋና የሱዋኪን አሮጌ ቤቶችም እንዲሁ ናቸው። ከሐበሻ ምድር ተነሥቶ በመርከብ ወደ ሐጅ ይሄድ የነበረ ሰው ሁሉ ከእነዚህ ፍጡራን መኖሪያ በላይ ተጉዟል።

የዛሬዋ ባለታሪካችንም የቀይ ባሕር ነዋሪ ናት። ርዝመቷ ከአንድ የሰው ጣት አይበልጥም። ጀርባዋ በጥቁር፣ በሰማያዊና በነጭ መስመሮች ተሰምሯል፤ ዙሪያዋን ደግሞ ብርቱካናማ ጥለት ይከባታል። ጠላቂዎች መስመሮቿን አይተው «ፒጃማ የለበሰችው» ይሏታል። በሳይንስ መዝገብ ያሰፈሯት ሩፔልና ሎይካርት የተባሉ ጀርመናውያን ሲሆኑ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1830 ነው። የሰጧት የላቲን ስም ትርጉሙ «ባለ አራት ቀለም» ነው፤ እኛም በዚሁ እንጠራታለን።

ይህ ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው የፍራንክፈርት ሰው ለአገራችን ባዕድ አይደለም። በ1820ዎቹ የቀይ ባሕርን ዳርቻ ሲያጠና ከቆየ በኋላ በ1831 በምጽዋ በኩል ወደ ሐበሻ ገብቶ እስከ ጎንደር ተጉዟል። ዛሬ የምንኮራባቸውን ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው። የሰሜን ተራራውን ዋልያና የባሕሯን ባለ አራት ቀለም የመዘገበው አንድ እጅ መሆኑ ሳያስገርመን አልቀረም።

መርዙ ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ጥያቄው እንቅረብ። ባለ አራት ቀለሟ ዛጎል የላትም፤ እግር የላትም፤ ፈጥና አትሸሽም። በሁሉም አቅጣጫ የተራቡ ዓሦች አሉ። ታዲያ በጠራራ ፀሐይ ኮራል ላይ ተንሰራፍታ የምትኖረው በምን ዋስትና ነው?

ዋስትናዋ ምግቧ ነው። በቀይ ባሕር ውስጥ እንደ ጣት የተቀጣጠለ ቅርንጫፍ ያለው አንድ ቀይ ሰፍነግ አለ። ሰፍነግ ማለት ብዙዎቻችን ስፖንጅ የምንለው ነው፤ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ እንጂ ተክል አይደለም። ይህ ሰፍነግ ሲጨመቅ ቀላ ያለ ፈሳሽ ይወጣዋል። ፈሳሹ በተጨመረበት ውሃ ውስጥ ያለ ዓሣ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። ከፈሳሹ የተገኘው መርዝ «ላትሩንኩሊን» ይባላል። የሕያዋን ሴል በውስጡ እንደ ቤት ማገርና ወራጅ የሚደግፉት ቀጫጭን ክሮች አሉት። መርዙ እነዚህን ክሮች እንደሚያፈርስ በ1983 ታወቀ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ ቤተ ሙከራዎች ሴል እንዴት እንደሚንቀሳቀስና እንደሚከፈል ለማጥናት ይህንኑ የቀይ ባሕር መርዝ ይጠቀማሉ።

ማንም የማይደፍረውን ይህን ሰፍነግ ባለ አራት ቀለሟ ትበላዋለች። እንደ ሞረድ በሻከረ ምላሷ እየፋቀች ትመገበዋለች። መርዙ አይገድላትም፤ ታከማቸዋለች እንጂ። በ1985 የወጣ ጥናት ያንኑ መርዝ ከገላዋ ውስጥ አግኝቶታል። በ2016 ደግሞ አምስት የቅርብ ዘመዶቿ ተመርምረው መርዙን የት እንደሚያስቀምጡት ታየ። ያከማቹት በጀርባቸው ጠርዝ፣ በጥለታቸው በኩል ነው። ይህም ዓሣ ሊነክስ ሲመጣ መጀመሪያ አፉ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ዘበኛ የሚቆመው በር ላይ እንደሆነ ሁሉ መርዙም የተቀመጠው እዚያው በሩ ላይ ነው።

ሌሎች ዝርያዎች ደግሞ ከዚህ የባሰ ያስደንቃሉ። በባሕር ውስጥ እንደ ሳማ የሚለበልቡ እንስሳት አሉ። ጄሊፊሽ ከእነርሱ አንዱ ነው። በቆዳቸው ላይ ሲነኩ የሚስፈነጠሩ፣ በዓይን የማይታዩ የመርፌ ከረጢቶች ተሰግስገዋል። በጀርባቸው ላይ ብዙ ጣት መሰል ቀንበጦች ያሏቸው ቀንድ አውጣዎች እነዚህን ለብላቢዎች ይበላሉ። ከመርፌዎቹ ብዙዎቹ ሳይስፈነጠሩ በአንጀታቸው አልፈው ወደ ቀንበጦቹ ጫፍ ይደርሱና እዚያ ይቀመጣሉ። ቀንድ አውጣዋን ሊበላ የመጣ ዓሣ በጄሊፊሹ መርፌ ይወጋል። ከጠላት የተማረከ ጦር መልሶ ጠላትን ሲወጋ ማለት ነው። ሱብሓነላህ!

እዚህ ላይ «ለመሆኑ ትበላለች ወይ?» የሚል አድማጭ አይጠፋም። ዑለማዎች ከባሕር የሚበላውን በተመለከተ ይለያያሉ። የሻፊዒይ መዝሀብ በሰፊው ሲፈቅድ የሐነፊይ መዝሀብ በዓሣ ይወስነዋል። ሰውን የሚጎዳ መርዝ ያለበትን ነገር መብላት ግን በሁለቱም ዘንድ የተከለከለ ነውና ጉዳዩ እዚሁ ላይ ያበቃል።

ቀለሙ ለማን ነው?

እንግዲህ ልጃችን ሆይ፣ መልሱ ይኸው። ቀለሙ ለእሷ አይደለም። ለጓደኛዋም አይደለም። ቀለሙ ሊበላት ለሚመጣው ዓሣ ነው። «ተጠንቀቅ፤ መርዝ አለብኝ» የሚል ጽሑፍ ነው።

መርዝ ብቻውን አይበቃም። ዓሣው መርዙን የሚያውቀው ከነከሰ በኋላ ቢሆን ኖሮ እሱም ይታመማል፤ እሷም ትቆሰላለች። ሁለቱንም የሚያድናቸው አስቀድሞ የሚታይ ምልክት ነው። ልምድ የሌለው ዓሣ አንድ ጊዜ ይቀምሳታል፤ ወዲያውም ይተፋታል። ያንን ክፉ ጣዕም ከቀለሙ ጋር አያይዞ ያስታውሰዋል። ከዚያ በኋላ ያንኑ ቀለም ሲያይ አይነካም።

ዓሣው የትኛውን ቀለም እንደሚያስታውስም ተመርምሯል። በአውስትራሊያ ጀርባዋ ነጭ፣ ነጠብጣቧ ቀይ፣ ጠርዟ ቢጫ የሆነች ዝርያ አለች። በ2017 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ዓሦቹ መርዛማነቷን የሚያውቁት በቢጫው ጠርዝ ነው፤ ቀዩን ነጠብጣብ ግን ብዙም አያስተውሉትም። ነጠብጣቡ ከቦታ ቦታ ሲለያይ ጠርዙ ግን ብዙ አይለዋወጥም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ምልክት የሚያገለግለው ሳይለዋወጥ ሲቀር ነው።

ከዚህም ሌላ በአንድ አካባቢ የሚኖሩ የተለያዩ መርዛማ ዝርያዎች ተቀራራቢ ቀለም ሲይዙ ይታያል። ጥቁርና ሰማያዊ መስመር፣ ብርቱካናማ ጠርዝ ያላቸው የባለ አራት ቀለሟ ዘመዶች ብዙ ናቸው። ዓሣው በአንዷ ላይ የተማረው ትምህርት ሌሎቹንም ያድናል። እውነተኞች አንድ ዓርማ ሲይዙ ሁሉም ይጠቀማሉ ማለት ነው።

አስመሳዮችስ?

ልጅቱ ይህን ብትሰማ «መርዝ የሌለው እንስሳ ያንን ቀለም ቢለብስስ?» ማለቷ አይቀርም። ይህም አለ። ጀርባዋ በጉብታ የተሞላ፣ ጥቁር፣ ነጭና ቢጫ ቀለም ያላት አንዲት መርዛማ ዝርያ አለች። «የባሕር ኪያር» የሚባል ሌላ እንስሳ ደግሞ ገና ግልገል ሳለ ቁርጥ እሷን ይመስላል። ሲያድግ ግን መልኩ ይለወጣል። አካሉ ትንሽና ደካማ በሆነበት ዘመን በሌላዋ ስም ተከልሎ ይኖራል። ከጠፍጣፋ ትሎች መካከልም የቀንድ አውጣዎቹን መልክ የሚይዙ አሉ።

ይህ ነገር ወሰን አለው። ዓሣው አምኖ የሚሸሸው ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ሆኖ ስለሚያገኘው ነው። መርዝ የሌላቸው አስመሳዮች ቢበዙ ዓሣው ደጋግሞ ይበላቸዋል፤ ቀለሙም ባዶ መሆኑን ይማራል። ያን ጊዜ የሚጎዱት አስመሳዮቹ ብቻ አይደሉም። እውነተኛዋም ትነከሳለች። አስመሳይ የሚኖረው እውነተኞች ባካበቱት እምነት ነው። እምነቱ ሲያልቅ ሁለቱም ይጠፋሉ።

እኛ ይህንን ስናነብ ትዝ ያለን ገበያችን ነው። ቅቤን ከሙዝ፣ ማርን ከስኳር፣ በርበሬን ከሸክላ ዱቄት የሚቀላቅል ሰው የሚጎዳው ገዢውን ብቻ አይደለም። ከጎኑ ንጹሕ ማር ይዞ የተቀመጠውንም ይጎዳል። አንዴ የተታለለች እናት በሚቀጥለው ገበያ የሁለቱንም ማር በጥርጣሬ ታያለች፤ የታማኙንም ዋጋ ታወርዳለች። ነጋዴዎች ሆይ፣ የሸቀጣችሁ መልክ ከውስጡ ጋር አንድ ይሁን። ወላጆችም ልጆቻችሁን እንዲህ ብላችሁ አስተምሩ። ውሸት የአንድ ሰው ጥፋት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የሌላውንም ሰው እውነት ይበላል።

ከእንቁላል እስከ ኮራል

ወደ ባሕሩ እንመለስ። እነዚህ ፍጡራን እያንዳንዳቸው የወንድም የሴትም አካል አላቸው። ሁለቱ ከተገናኙ በኋላ ሁለቱም እንቁላል ይጥላሉ። እንቁላሎቹ እንደ ጥብጣብ ተያይዘው ክብ ሆነው ይጠቀለላሉ። በቀይ ባሕር ከሚገኙት ሁሉ ትልቋ፣ በሌሊት የምትወጣ ቀይ ዝርያ አለች። ስትዋኝ ጠርዟ እንደ ሰፊ ቀሚስ ስለሚውለበለብ ፈረንጆች በስፔን ዳንሰኛ ሰይመዋታል፤ እኛ «ባለ ቀይ ቀሚሷ» ብንላት ይሻለናል። የእሷ የእንቁላል ጥብጣብ የፈካ ጽጌረዳ ይመስላል። በ1988 የወጣ ጥናት ከሰፍነግ ያገኘችውን መርዝ በእንቁላሎቿ ውስጥ እንደምታስቀምጥ አሳይቷል። እናት ልጆቿን ዳግመኛ አታያቸውም፤ ሆኖም ስንቅና ጋሻ አስይዛቸው ትሄዳለች።

ከእንቁላሉ የሚወጣው ጭል እንደ አሸዋ ቅንጣት ያነሰ ሲሆን በጀርባው ላይ ስስ ዛጎል አለው። ይህ የዘመዶቹ የቀንድ አውጣዎች ቅርስ ነው። ማዕበል ወደወሰደው እየተንሳፈፈ ይቆያል። የት ይወርድ ይሆን? በሃዋይ የተደረጉ ጥናቶች ኮራል በምትበላ አንዲት ዝርያ ላይ መልሱን አግኝተዋል። ጭሉ የሚበላው የኮራል ዓይነት ሽታ በውሃው ውስጥ ሲደርሰው መዋኘቱን ያቆማል፤ ወደ ታችም ይሰምጣል። ኮራሉ ላይ ካረፈ በኋላ ዛጎሉን ጥሎ ወደ ቀንድ አውጣነት ይለወጣል። ሽታው ካልመጣ ግን አይወርድም። ዕድሜያቸውም አጭር ነው፤ ብዙዎቹ አንድ ዓመት አይሞሉም። ስለዚህ እያንዳንዱ ትውልድ ሕያው ኮራል ያለበትን ቦታ እንደገና ፈልጎ ማግኘት አለበት።

ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ድንጋይ አይደለም። ሚሊዮን ትናንሽ እንስሳት ኖራ እያወጡ የሚገነቡት ከተማ ነው። በእንስሳቱ ገላ ውስጥ ደቃቅ አልጌዎች ይኖራሉ። አብዛኛውን ምግብና ቀለሙን የሚሰጡት እነርሱ ናቸው። የባሕሩ ውሃ ከልኩ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣል፤ ነጭ ሆኖም ይቀራል። ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደ በረሃብ ይሞታል። ይህ በዓለም ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1998 ነው። በ2023 የጀመረው አራተኛው ዙር ደግሞ ከዓለም የኮራል አካባቢዎች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን በሚያነጣ ሙቀት እንዳጠቃ በ2025 ተገልጿል። የሰሜን ቀይ ባሕር ኮራሎች ከሌሎች የተሻለ ሙቀት እንደሚችሉ ጥናቶች አሳይተዋል። እነርሱን ጠብቆ ማቆየት ትልቅ አማና ነው። ኮራል ከባሕሩ ወለል ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሸፍንም፤ ነገር ግን ከባሕር ፍጡራን ሩብ ያህሉ በእሱ ተጠልለው ይኖራሉ። ኮራሉ ሲሞት ሽታ የሚጠብቀው ጭል የሚወርድበት አጥቶ ይቀራል።

እኛ ምን እናድርግ?

በጂዳ፣ በየመንና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከልጆቻችሁ ጋር ወደ ባሕር ስትወርዱ ኮራል ላይ አትቁሙ፤ ለማስታወሻ ብላችሁም አትስበሩ። አንድ ስብርባሪ ለመተካት ዓመታት ይወስዳል። ደማቅ ቀለም ያለው ነገር ስታዩ በዓይን ተመልከቱ እንጂ በእጅ አትንኩ። አሁን ምክንያቱን ታውቃላችሁ። ፌስታልና ፕላስቲክ በባሕር ዳርቻ አትተዉ። በአገር ቤት ያለነው ደግሞ ልጆቻችን ሲጠይቁን «ዝም በል፤ ይህ ምን ያደርግልሃል?» አንበል። ካላወቅን «አናውቅም» እንበል፤ ከዚያ አብረን እንፈልግ።

ለጠየቀችን ልጅ መልሳችንን በአጭሩ እንድገመው። ልጃችን፣ ቀንድ አውጣዋ ቀለሟን አታየውም፤ ማየትም አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት ሌላው አይቶ እንዲያምናት ነው። የሚያምናትም ከውጭ የምታሳየው በውስጧ ስላለ ነው። አባትሽ ይህን ሲያነቡልሽ ሌላ ጥያቄ ከመጣልሽ እንደገና ነይ።

አላህ (ሱ.ወ.) ውስጣችንንም ውጫችንንም ያሳምርልን፤ ከእውነተኞች ያድርገን። የተሻለውን አዋቂ አላህ ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።